ኀይልና ልጓሙ

ኀይል ያለው ሰው ኀይሉን ሁሉ ባለመጠቀሙ ሊመሰገን ይገባዋልን? ወይስ ሽልማትና ውዳሴ የሚገቡት ያለውን ሁሉ አውጥቶ ለጣለ ብቻ ነው? ጥያቄው በመጀመሪያ ሲሰማ ከመጻሕፍት መደርደሪያ የወረደና ከዕለት ኑሮ የራቀ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ነሐሴ 1 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በቶኪዮ ከተማ ኒፖን ቡዶካን በተባለው አዳራሽ፣ ሁለት ሰዎች ለካራቴ የኦሎምፒክ ወርቅ ሲገጥሙ ይኸው ጥያቄ በዓለም ሕዝብ ፊት ሥጋ ለብሶ ታይቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጉዳዩ ብዙ ተብሏል፤ ከተባለው አብዛኛው ግን የዳኝነት ክርክር እንጂ የግብረገብ ምርመራ አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለተኛውን መሞከር ነው።

ግጥሚያው ክብደታቸው ከ75 ኪሎ በላይ በሆነ ወንዶች መካከል የተደረገ የፍጻሜ ግጥሚያ ነበር። በአንድ ወገን የሳዑዲ ዐረቢያው ታረግ ሐመዲ፣ በሌላው ወገን የኢራኑ ሳጃድ ጋንጅዛዴ ተሰለፉ። ሐመዲ 4 ለ 1 ይመራ ነበር። አገሩ ከዚያ ቀን በፊት በኦሎምፒክ ወርቅ አግኝታ አታውቅምና ከፊቱ የነበረው የአንድ ሰው ድል ብቻ አልነበረም። በዚህ ጊዜ አንድ ከፍ ያለ እርግጫ ሰነዘረ፤ እግሩም ከባላጋራው አንገት ላይ አረፈ። ጋንጅዛዴ ተዘርሮ ቀረ። ሐኪሞች ከበቡት፤ የኦክሲጅን ጭምብል አጥልቀው በቃሬዛ አወጡት። ዳኞቹም ከመከሩ በኋላ ምቱ ልጓም አልነበረውም ብለው ሐመዲን ከግጥሚያው ሰረዙት። ወርቁ ራሱን ስቶ ለተሸከሙት ሰው ሆነ፤ ብሩ በእግሩ ቆሞ ለቀረው።

ጋንጅዛዴ ማሸነፉን የሰማው ዐይኑን ሲገልጥ ነው። በኋላ ለጋዜጠኞች ሲናገር በሜዳሊያው ቢደሰትም ድሉ በዚህ መንገድ በመምጣቱ ማዘኑን አልሸሸገም። ሐመዲ በበኩሉ በውሳኔው እንደማይስማማ ገለጸ። ያም ሆኖ በሽልማቱ መድረክ ላይ ሁለቱ ያለ ቂም ጎን ለጎን ቆመው ታዩ። የሳዑዲ ባለሥልጣኖችም ብር ይዞ ለተመለሰው ልጃቸው ለወርቅ የሚገባውን 5 ሚሊዮን ሪያል ሸለሙት። እንግዲህ በአንድ ግጥሚያ ላይ ሁለት ፍርድ ተሰጠ ማለት ነው፤ አንዱ በዳኞች፣ ሁለተኛው በገንዘብ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር ለመረዳት ትንሽ እንቸገራለን። ድልን የምናውቀው በሯጭ መልክ ነውና። ቡዶካን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ለተደረገው ኦሎምፒክ፣ ለጁዶ ውድድር ተብሎ የተሠራ አዳራሽ ነው፤ በዚያው ኦሎምፒክ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ አገኘ። ከኀምሳ ሰባት ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ ሰሎሞን ባረጋ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ሲያመጣም ያየነው ያንኑ ነው፤ ሯጭ ያለውን ሁሉ ይሰጣል። በመጨረሻዎቹ መቶ ሜትሮች ከአቅሙ አንዳች ያስቀረ ሯጭ ቢኖር እንወቅሰዋለን እንጂ አናመሰግነውም። (አበበ ሩጫውን ጨርሶ በሣሩ ላይ ጅማቱን ሲያፍታታ መታየቱ ሌላ ነገር ነው፤ ያ የተረፈው ኀይል ማንንም አይነካም።) ሯጭ ኀይሉን የሚያፈስሰው በመንገድ ላይ ነው። ካራቴ የሚጫወት ሰው ግን ኀይሉን የሚሰነዝረው በሌላ ሰው አካል ላይ ነው። ልዩነቱ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ለመሆኑ ካራቴ ምንድን ነው? የተወለደው በኦኪናዋ ደሴት ሲሆን ስሙ በቀድሞ ዘመን «የቻይና እጅ» የሚል ትርጉም ባለው ፊደል ይጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 የደሴቲቱ መምህራን ተሰብስበው ድምፁ ሳይለወጥ «ባዶ እጅ» በሚል ፊደል እንዲጻፍ ተስማሙ። በአማርኛ «ባዶ እጁን መጣ» ስንል ነውር እንናገራለን፤ ስጦታ ያልያዘ እንግዳ፣ ስንቅ ያልቋጠረ መንገደኛ ማለታችን ነው። እነርሱ ዘንድ ግን ባዶነቱ ክብር ነው፤ መሣሪያ የሌለው፣ ክፉ ሐሳብም ያልጨበጠ እጅ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ጥበቡን ወደ ቶኪዮ ያስገባው ጊቺን ፉናኮሺ ካራቴ ቀድሞ የሚሰነዘር ምት እንደሌለው ያስተምር ነበር። ውድድርንም አይወድም ነበር። ፉናኮሺ እ.ኤ.አ. በአፕሪል 1957 ዐረፈ፤ በዚያው ዓመት በኦክቶበር የጃፓን ካራቴ ማኅበር የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ሻምፒዮና አደረገ። መምህሩ ባለፈበት ዓመት ደቀ መዛሙርቱ የሜዳሊያ በር ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በዚያው በቶኪዮ ተካሄደ።

ውድድር ሲመጣ ከባድ ጥያቄ አብሮ መጣ። አጥንት ለመስበር የተቀመረ ምት ማንንም ሳይሰብር እንዴት ሊወዳደር ይችላል? ማሱታትሱ ኦያማ የመሠረተው የኪዮኩሺን ወገን ምቱ በገላ ላይ ይረፍ አለ፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን ፊትን በቡጢ መምታትን ከለከለ። ወደ ኦሎምፒክ የደረሰው ወገን ያገኘው መልስ ሌላ ነው፤ ምቱ በሙሉ ፍጥነት ይሂድ፣ ወደ ራስና ወደ አንገት ሲሆን ግን ቆዳን ከመዳሰስ አይለፍ። ነጥብ የሚያሰጠውም መድረሱ ብቻ አይደለም። ዳኛው ቅርጹን፣ ወኔውን፣ ጊዜውን፣ ርቀቱን፣ የተጫዋቹን ጨዋነት፣ እንዲሁም ጃፓኖች «ዛንሺን» የሚሉትን፣ ከምቱ በኋላ የሚቀረውን ንቃት ይመለከታል። መትቶ ፊቱን ያዞረ፣ ወይም ገና ሳይፈረድለት የፈነጠዘ ሰው ነጥቡን ሊያጣ ይችላል። ምቱን ከሰነዘረ በኋላም ለባላጋራው ሁኔታ ባለዕዳ ሆኖ ይቆያል ማለት ነው።

በእኔ አመለካከት ይህ ሕግ አንድ ጉድለት አለበት፤ ሳይነገር ማለፍ የለበትም። ለቡጢ አንድ ነጥብ፣ ወደ ገላ ለተሰነዘረ እርግጫ ሁለት፣ ወደ ራስ ለተሰነዘረ እርግጫ ሦስት ነጥብ ይሰጣል። ከሁሉ የበለጠ ዋጋ የሚከፈለው ከሁሉ የበለጠ አደጋ ላለበት ሥፍራ ነው። ሕጉ በአንድ እጁ እየጠራ በሌላው እጁ ይከለክላል። ሐመዲ ጥሪውን ሰምቶ ሄደ፤ ክልከላው ጋ ሲደርስ ግን እግሩ አልቆመም። ስለዚህ በእርሱ ላይ የሚፈርድ ሁሉ ጥቂቱን ወቀሳ ሕጉን ለደነገጉት ማካፈል ይኖርበታል።

በዚያው ኦሎምፒክ በቴኳንዶ ግጥሚያ ራስን የሚያስት እርግጫ ድል ነው። ኢትዮጵያን በመወከል በ58 ኪሎ የተጫወተው ሰሎሞን ቱፋ እንዲህ ያለ ምት ቢያሳርፍ ኖሮ እጁ ከፍ ተደርጎ ይጨበጨብለት ነበር። በቦክስም እንዲሁ ነው። ታዲያ አንድ እግር በአንድ ኦሎምፒክ፣ እዚህ ጀግና እዚያ ጥፋተኛ የሚያሰኝ ከሆነ ነገሩ ሁሉ የደንብ ጨዋታ እንጂ ግብረገብ ምን አለበት? የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ይቆማሉ።

ነገር ግን ሁለቱን ስፖርቶች ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። የቴኳንዶ ተጫዋች ራሱ ላይ መከላከያ ቆብ፣ ደረቱ ላይ ጋሻ አድርጎ ይገባል። በቡዶካኑ ፍጻሜ የተሰለፉት ሁለቱ ግን ራሳቸው የተገለጠ ነበር። ጋንጅዛዴ አንገቱን ገልጦ ወደ ሐመዲ የቀረበው ስለ ደፈረ ብቻ አይደለም። ባላጋራው ምቱን እንደሚገታ ስላመነ ነው። የካራቴ ቆብ የሌላው ሰው ልጓም ነው ብንል አልተሳሳትንም። እኛ ለዚህ ነገር ጥሩ ቃል አለን፤ አደራ እንለዋለን። ባላጋራ የባላጋራው አደራ መሆኑ ለጆሮ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ግጥሚያ ከጠብ የሚለየው በዚህ ብቻ ነው። በጠብ ጊዜ ማንም ለማንም አንገቱን በአደራ አይሰጥም። ሐመዲ ላይ የተፈረደው ጠንክሮ ስለ መታ ሳይሆን የተቀበለውን አደራ ስለ ጣለ ነው ብሎ ማሰብ ለእኔ ቅርብ ነው።

ይህ አስተሳሰብ የሩቅ ምሥራቅ ብቻ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ የአገራችን ጫፍ የሚኖሩት ሱሪዎች «ዶንጋ» በሚባል ረጅም ዱላ ይጋጠማሉ። ላየው ሰው የሚያስፈራ ፍልሚያ ነው፤ ደም ይፈስበታል። ነገር ግን ገላጋይና ዳኛ አለው፤ የወደቀ አይመታም፤ መግደል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የገደለም ካሳ ይከፍላል እንጂ በሴቶች እልልታ አይታጀብም። በቡዶካን ምንጣፍ ላይ የተወሰነውና በሱሪ ሜዳ ላይ የኖረው ሕግ ሥሩ አንድ ነው፤ ድል ድል የሚሆነው ተሸናፊው ተነሥቶ ሲመሰክርለት ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ካራቆሬ ላይ ከጥቂት መምህራን ጋር ስንጫወት አንደኛው ሐመዲን አጥብቆ ተከራከረለት። «አስቦ አልመታውም፤ በጨዋታ የደረሰ አደጋ ነው። ያላሰበው ነገር እንዴት ኀጢአት ይሆንበታል?» የሚል ነበር ክርክሩ። ሌላው፣ ዕድሜው ገፋ ያለው፣ «አንተ ብትመታው ኖሮ አደጋ ነበር፤ እርሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ የተማረው ያን እግር ማቆም ነው» ሲል መለሰለት። ክርክሩ በዚያ ቀን አልተቋጨም፤ እኔ ግን የሁለተኛው አነጋገር ልቤን ይዞት ቀርቷል።

በሕግም ቢሆን ይኸው ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን፣ በኋላም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን ስለ ቸልተኝነት ሲደነግጉ ከሰው ሁሉ አንድ ዐይነት ጥንቃቄ አይጠይቁም። የሰውየው ዕድሜ፣ ልምድ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ሙያና ማዕረግ ይታያል። ያልተማረ ሰው ሳያውቅ ያደረገው ለተማረው ሰው ሰበብ አይሆንም። «አላሰብሁትም» የሚለው ቃል በጀማሪ አፍ ማስረጃ ነው፤ በሊቅ አፍ ግን ራሱ ክስ ይሆናል። ዕውቀት ሲጨምር ሰበብ ይቀንሳል፤ ጠንካራ ሰው ለሚያደርገው ብቻ ሳይሆን ለገነባው ጥንካሬም ተጠያቂ ነው።

ካራቆሬን ካነሣሁ አይቀር፣ ያች ከተማ ለዚህ ነገር ሁለት ምስክር አላት። በ1953 ዓ.ም. በይፋት ምድር ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ በካራቆሬም ቤቶች ተጎዱ፤ መንቀጥቀጡም በሳይንስ መዛግብት ውስጥ እስከ ዛሬ በካራቆሬ ስም ይጠራል። ያን ኀይል የከሰሰው የለም። ሊገታ የማይችል ኀይል ጉዳት ያደርሳል እንጂ በደል አይሠራም፤ ሰው ያለቅስበታል፣ ቤቱን እንደ ገና ይሠራል፣ ቂም ግን አይዝበትም። ከዚያ ስድሳ ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም.፣ የቶኪዮው ግጥሚያ ሊደረግ አራት ወር ሲቀረው፣ በዚያው መንገድ ላይ ያለችው የአጣዬ ከተማ ብዙው ክፍሏ በግጭት ተቃጠለ፤ ካራቆሬና ሸዋ ሮቢትም ከጉዳቱ አልዳኑም። ሰው ሞተ፤ ብዙ ሕዝብ ተሰደደ። ይህ ሁለተኛው ጥፋት ከመጀመሪያው የሚለየው በቤቶች ቁጥር አይደለም። የለኮሰው እጅ ሁሉ ሊገታ የሚችል እጅ ነበር።

ከእንዲህ ያለ መዓት በኋላ ሁሉም የሚጠይቀው «ማን ጀመረ?» የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ፉናኮሺም የመጀመሪያውን ምት የከለከለው በከንቱ አልነበረም። የቡዶካን ዳኞች የጠየቁት ግን ሌላ ነው፤ «መግታት ሲችል ያልገታው ማን ነው?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ጥፋተኛ ፈልጎ ሌላውን ሁሉ ነጻ ያወጣል። ሁለተኛው ግን ኀይል ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እየጠራ ያቆማል፤ የጀመረውንም፣ የመለሰውንም፣ ዳር ቆሞ ያየውንም። ለዚህ ይሆናል ሁለተኛው ጥያቄ በስብሰባ ላይ ብዙ የማይሰማው።

ነገሩን ወደ ራሳችን እናቅርበው። የካራቴ ተማሪ ነጭ ቀበቶ ታጥቆ ገብቶ ጥቁር ቀበቶ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጅበታል። በእነዚያ ዓመታት ምቱና ልጓሙ አብረው ያድጋሉ፤ እግሩን መላክ በሚማርበት ሰዓት መመለሱንም ይማራል። ሥልጣን ግን እንዲህ አይመጣም። ሥልጣን በአንድ ጠዋት በማኅተም ባለ ደብዳቤ ይመጣል፤ ኀይሉ ሙሉ ነው፣ ልጓሙ ግን ከደብዳቤው ጋር በአባሪነት አይላክም። ትናንት ማንንም ሊያንቀሳቅስ ያልቻለ ሰው ዛሬ በአንድ ፊርማ ቤተሰብ ያፈናቅላል፣ ወይም በአንድ ሐሜት ሰው ከሥራው ያስወጣል። ክፋት ላይኖረው ይችላል። ሐመዲም ክፋት አልነበረውም።

መምህርም ከዚህ ነጻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ኩርኩምና አለንጋ ግን በአንቀጽ ብቻ አልጠፉም። በጠባብ ክፍል ውስጥ ካሉ ሰዎች ሁሉ ብርቱው መምህሩ ነው፤ ልጆቹም ራሳቸውን ገልጠው ከፊቱ ተቀምጠዋል። የኪነ ጥበብ ሰው ነገር ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ ዳኛ የለበትምና። ፉከራና ቀረርቶ ያሳደገን ሕዝብ ነን፤ አንድ ስንኝ ስንት ክንድ እንደሚያነሣ እናውቃለን። ገጣሚው ምቱን ከሰነዘረ በኋላ ወደ ጭብጨባው ይዞራል። በካራቴ ቢሆን ነጥቡን ባጣበት ነበር።

በዚያው ቀን በዚያው አዳራሽ የግብጿ ፈርያል ዐብደልዐዚዝ የአዘርባጃኗን ኢሪና ዛሬትስካን አሸንፋ ከአገሯ ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ የወርቅ ባለቤት ሆናለች። ክርክር ያልተነሣበት ድል ቶሎ ይረሳልና እዚህ ላይ መጻፉ ተገቢ ነው። በዋዜማውም የኦኪናዋው ተወላጅ ርዮ ኪዩና «ካታ» በሚባለው፣ ከማይታይ ባላጋራ ጋር በሚደረገው የቅርጽ ውድድር አሸንፎ የሟች እናቱን ፎቶግራፍ ይዞ መድረኩ ላይ ወጣ። ካታ እጅግ ውብ ነው፤ እኔም ከፍልሚያው ይልቅ እርሱን መመልከት እመርጣለሁ። ግን በካታ ውስጥ የሚገታው ምት ማንንም ከምንም አያድንም። አየር አንገት የለውም።

ቀሪው ጥያቄ የጋንጅዛዴ ነው። በነጥብ ተመርቶ፣ ተመትቶ፣ ራሱን ስቶ የወጣን ሰው አሸናፊ ማለት ተገቢ ነውን? አንዳንዶች ወርቁ ለማንም ባይሰጥ ይሻል ነበር ይላሉ። ሌሎች ደግሞ መውደቅ ከተሸለመ ሁሉም መውደቅን ይማራል ብለው ይሠጋሉ፤ ለዚህኛው ሥጋት እንኳ ደንቡ መልስ አለው፤ ጉዳትን አስመስሎ ወይም አጋንኖ የሚያሳይ ተጫዋች ራሱ ይቀጣልና። ለመጀመሪያዎቹ ግን የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ሜዳሊያው ለጋንጅዛዴ የተሰጠው ስለ ሠራው ሥራ ብቻ ከሆነ አልተገባውም፤ አራት ለአንድ ተመርቷል። ነገር ግን ሁለቱም በገቡት ቃል መሠረት እስከ መጨረሻው ቃሉን ጠብቆ የተገኘው እርሱ ነው። አንገቱን አምኖ ሰጥቷል። እምነት ሥራ አይደለም የሚል ካለ፣ የእርሱን ሐሳብ ተቀብሎ ወርቁን ለሐመዲ ማሰብ ይችላል፤ የሳዑዲ ባለሥልጣኖችም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

የነሐሱን ሜዳሊያ የቱርኩ ኡጉር አክታሽና የጃፓኑ ርዩታሮ አራጋ ወሰዱ። ካራቴ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ከተደረገው ኦሎምፒክ ተወገደ፤ እ.ኤ.አ. በ2028 በሎስ አንጀለስ ለሚደረገውም አልተመረጠም። በመሆኑም በኦሎምፒክ መዝገብ በካራቴ ከ75 ኪሎ በላይ በሆነው ምድብ በወርቅ ረድፍ እስከ አሁን የተጻፈው ስም አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በቃሬዛ የወጣው ሰው ስም ነው።